ወንድሜ ዝርዝሬን ቀደደብኝ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። ድሬዳዋ፣ ከዝራ ሰፈር ነው የምኖረው። ሠላሳ ልሞላ ነው፤ ታይዋን የሚባለው ገበያችን ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ታናሽ ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እህታችን ከዱባይ ፒኤስ ፎር (የጌም ማጫወቻ) ላከችልንና ቤታችን ሰላም አጣ። ሁለታችንም አሳሲንስ ክሪድ የሚባለውን ተከታታይ ጌም እንወዳለን፤ ግን አንግባባም። እኔ የሁሉም አንደኛ ሁለተኛው ክፍል ነው እላለሁ። እሱ ኦዲሲ የሚባለውን ክፍል የሚያህል አልተሠራም ይላል። ነገሩ ይለይለት ብዬ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደርድሬ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ከቴሌቪዥኑ በላይ ለጠፍኩት። ኦዲሲን መጨረሻ አደረግኩት። እውነቱን ለመናገር ኦዲሲን የሞከርኩት ጓደኛዬ ቤት፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ በርጫ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ሁለተኛውን ጨርሶ አልነካውም፤ ‹ግራፊክሱ የሼባ ነው› ይላል። ወረቀቱን ቀደደው። እኔም ክፉ ተናገርኩት። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። እናታችን ጆይስቲኮቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋብናለች። ያለን ገንዘብ አንድ ሲዲ ቢገዛ ነው፤ ቤት ዋይፋይ የለንም። እባካችሁ ደረጃውን አውጡልን። የቱን እንግዛ? ከወንድሜስ ጋር እንዴት ልታረቅ?»

ም. ነኝ፣ ከድሬዳዋ

ሰላም ወንድሜ፣

እናታችሁን ሰላም በልልኝ። ሠላሳ ሊሞላው ያለ ሰው ጆይስቲክ ሲቆለፍበት ሳቄ መጣ፤ ግን ሌላ ምን ታድርግ?

ደረጃውን አወጣልሃለሁ። «ሁሉም በየራሱ አሪፍ ነው» ብዬ አልሸሽም። ከዚያ በፊት ግን ደብዳቤህ ውስጥ እንደዋዛ ጣል አድርገህ ያለፍከው ነገር አለ። ኦዲሲን ያየኸው በአንድ በርጫ ነው። የኦዲሲ ዋና ታሪክ ብቻውን ከ40 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ጌሙ የሚጀምረው ኬፋሎንያ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ነው፤ የጌሙ ስም ስክሪኑ ላይ በትልቁ የሚወጣው ከዚያች ደሴት በመርከብ ስትነሳ ነው። አንተ ስሙ እስኪወጣ እንኳን መቆየትህን እጠራጠራለሁ። ታዲያ መጨረሻ አድርገህ ግድግዳ ላይ ስትለጥፈው ወንድምህ ምን ይበል? እሱም ቢሆን ከአንተ አይሻልም። ያልነካውን ጌም በፊቱ አይቶ «ሼባ» ብሎታል። ሁለታችሁም ያልቀመሳችሁትን ነው ስታጣጥሉ የከረማችሁት።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። አሳሲንስ ክሪድ ዩቢሶፍት የተባለው ኩባንያ በ2007 የጀመረው ተከታታይ ጌም ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። አሳሲኖችና ቴምፕላሮች የሚባሉ ሁለት ስውር ማኅበሮች ዘመን ከዘመን ይፋለማሉ። የዛሬ ሰው አኒመስ የሚባል ማሽን ላይ ተኝቶ የጥንት ሰው ትዝታ ውስጥ ይገባል። በየክፍሉ ከተማውና ዘመኑ ይለወጣል። አንዴ ፍሎረንስ፣ አንዴ ፓሪስ፣ አንዴ ባግዳድ።

አሁን ወደ ጠባችሁ። ከ2007 እስከ 2015 የወጡት ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች አንድ ቤተሰብ ናቸው። ትደበቃለህ፣ ጣራ ለጣራ ትሄዳለህ፣ ከእጅጌህ የሚወጣውን ስለት በትክክል ከሰካኸው ማንም ይሁን ማን ይወድቃል። በ2017 ኦሪጅንስ ሲመጣ ሕጉ ተለወጠ። ጠላትህ ሌቭል (የጥንካሬ ደረጃ) አለው። ሌቭሉ ከአንተ ከበለጠ ስለቱ ያቆስለዋል እንጂ አይገድለውም። በሁለተኛው ላደገ ሰው ይህ ስድብ ነው። ስንት ጣራ ተሻግረህ፣ ስንት ቁጥቋጦ ውስጥ ተጋድመህ፣ ከኋላው ደርሰህ ስትወጋው ሰውዬው ዞር ብሎ በዱላ ይቀጠቅጥሃል! እዚያ በርጫ ላይም ያጋጠመህ ይሄው ይመስለኛል። ለወንድምህ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የድሮዎቹን ውጊያ ሲያይ አሥር ወታደር ከብቦህ አንድ በአንድ ተራ ይጠብቃል። አንዷን ቁልፍ ጠብቀህ ትጫናለህ፣ ሰውዬው ይወድቃል፣ ተረኛው ይመጣል። መሣሪያ መርጦ፣ ችሎታ አሳድጎ፣ የራሱን ተዋጊ ሠርቶ ለለመደ ልጅ ያ ውጊያ እንቅልፍ ያመጣል። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ዓይነት ጌሞችን ነው በአንድ መሰላል ላይ የደረደርከው። ጠብ ባይመጣ ነበር የሚገርመኝ።

ስለዚህ ለሁለቱም ዓይነት የሚሆን መመዘኛ ያስፈልጋል። የእኔ ይኸውልህ፤ ጌሙ የመረጠውን ከተማና ዘመን ሥራ ላይ አውሎታል? ታሪኩን አንስተህ ሌላ ከተማ ብታስቀምጠው የሚጎድል ነገር አለ? በግራፊክስ አልሄድም፣ በስፋትም አልሄድም።

በዚህ ከሄድን አንደኛ የሚወጣው ሁለተኛው ክፍል ነው። ደስ አይበልህ፤ ምክንያቱን ስማ። በ2009 የወጣው ይህ ጌም ኢዝዮ ኦዲቶሬ የተባለውን የፍሎረንስ ልጅ ያሳድግሃል። ሲወለድ ትደርሳለህ። መጀመሪያ የምትጫናቸው ቁልፎች የጨቅላውን እጅና እግር ነው የሚያንቀሳቅሱት። ከዚያ ሰፈር ውስጥ ሲደባደብ፣ ሴት ሲያባብል፣ አባቱና ወንድሞቹ በሴራ ሲሰቀሉ አብረኸው ነህ። ጌሙ ሲያልቅ ሰውዬው አርባ ዓመቱ ነው። ከተማው ደግሞ ሥራ ላይ ነው ያለው። ሚያዝያ 26 ቀን 1478 ፍሎረንስ ካቴድራል ውስጥ፣ ቅዳሴ ላይ፣ የፓትሲ ቤተሰብና ግብረ አበሮቹ ከተማዋን ይገዙ በነበሩት በሜዲቺ ወንድማማቾች ላይ ጩቤ መዘዙ። ጁልያኖ ሞተ፣ ሎሬንዞ ቆስሎ አመለጠ። ይህ የሆነ ታሪክ ነው። ጌሙ ኢዝዮን እዚያው መሀል ያስገባዋል፤ ሎሬንዞን ከሞት የሚያተርፈው እሱ ነው። የኢዝዮ አባት የባንክ ሰው ነው፣ ጠላቶቻቸውም የባንክ ሰዎች ናቸው። የቤተሰቡ ሐዘንና የከተማው ፖለቲካ አንድ ነገር ሆነዋል። ይህን ታሪክ ወስደህ ለንደን ብታስቀምጠው ይፈርሳል። ሌኦናርዶ ዳ ቪንቺም ለጌጥ አልገባም፤ ስለቱን ጠግኖ የሚሰጥህ እሱ ነው፣ ቬኒስ ላይ የምትበርበትን መሣሪያ የሚያውስህም እሱ ነው። ሞባይል ጠጋኝ ሆነህ ሌኦናርዶን አለመውደድ አትችልም።

ሁለተኛ ላይ ኦሪጅንስን አስቀምጫለሁ። አቦ፣ እንዳትጮህ። ታሪኩ ከክርስቶስ ልደት በፊት 49 ዓመት ገደማ ይጀምራል። ግብፅ ናት፤ ክሊዮፓትራ ከወንድሟ ጋር ለዙፋን ትጣላለች፣ ቄሳር ይመጣል። ጀግናው ባየክ የሲዋ በረሃ ሰው ነው። ልጁን ገድለውበታል። በረሃው ላይ ተበትነው አሥራ ሁለት የድንጋይ ክቦች አሉ። እያንዳንዱ ዘንድ ስትደርስ ባየክ ይቀመጥና ኮከቦቹን እያስተካከለ ከልጁ ጋር የተነጋገረውን ያስታውሳል። ውጊያ የለም፣ ሽልማት አሳዳጅ የለም፤ አባት ነው ያለው። ደግሞ ስለ ዘመን አንድ ነገር ታያለህ። ባየክ ፒራሚዱ ላይ ሲወጣ ፒራሚዱ በዚያን ጊዜም 2,500 ዓመት ገደማ የሆነው ነው። ለእሱም ጥንት ነው። ጌሙ ይህን ያውቃል፤ መቃብሮቹ ተዘርፈው ያለቁ ናቸው፣ ሰዎቹም የአያቶቻቸውን ነገር በወሬ ነው የሚያውቁት። ዓባይን በጀልባ ስታቋርጥ ደግሞ «ይሄ ውሃ እኮ የኛ ነው» ማለትህ አይቀርም። ሁሉም ይላል።

ብላክ ፍላግ ሦስተኛ ነው። ብዙ ሰው አንደኛ ያደርገዋል፤ አልፈርድባቸውም። በ2013 ነው የወጣው፤ ታሪኩ ከ1715 ጀምሮ ካሪቢያን ላይ ነው። ጀግናው ኤድዋርድ ኬንዌይ ሲጀምር አሳሲን አይደለም። አንዱን አሳሲን ገድሎ ልብሱን የለበሰ የባሕር ወንበዴ ነው። ጃክዶው የምትባለውን መርከብ ይዘህ ስትወጣ ሠራተኞቹ ይዘፍናሉ፤ ከተማ ለከተማ እየሮጥክ አዲስ ዘፈን ትሰበስብላቸዋለህ። ለእኛ ባሕር ማለት ጅቡቲ ነው፣ እሱም ባቡር ያገኘ ነው የሚያየው፤ ሳሎን ተቀምጦ ማዕበል መስበር ደግ ነገር ነው። ታዲያ ለምን አንደኛ አልሆነም? ከመርከብ ስትወርድ። አቦ፣ ስንቴ ነው ሰው ከኋላ ተከትሎ ወሬ የሚሰማው! ግማሹ ሚሽን (የሚሰጥህ ተልእኮ) «ተከተለው፣ አትታይ፣ አዳምጥ» ነው። የመርከቡን ምክትል አዴዋሌን ግን ልብ በለው። ትሪኒዳድ ውስጥ በባርነት የተወለደ ሰው ነው፤ ፍሪደም ክራይ የሚባለው ተጨማሪ ክፍል የእሱ ነው፣ ታሪኩም የዛሬዋ ሄይቲ ላይ ነው። አጭር ናት፣ ልብህን ታሳምማለች ግን።

አራተኛ ብራዘርሁድ። ሮም፣ ጠላቶቹ የቦርጂያ ቤተሰብ፣ ያው ኢዝዮ። አንድ ከተማ ብቻ ነው ያለው፤ እሱን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታውቀዋለህ። ተማሪዎች ትመለምላለህ፣ አንዴ ስታፏጭ ከጣራ ላይ እንደ ሎሚ ይረግፉልሃል።

አምስተኛ ኦዲሲ። እዚህ ላይ ወንድምህ ቢያነብ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ያየው ነገር አለ። አንተ በርጫህን ስትይዝ ያመለጠህን ልንገርህ። እዚያችው ኬፋሎንያ ላይ ካውሶስ የምትባል የተቃጠለች መንደር አለች። ወረርሽኝ ገብቶባታል። ካህናቱ በሽታው እንዳይዛመት ብለው የተያዘ ቤተሰብ ሊገድሉ ቆመዋል። ቤተሰቡ ይለምንሃል። ካህናቱን ማስቆም ትችላለህ፣ ዝም ብለህ ማለፍም ትችላለህ። አብዛኛው ሰው ያድናቸዋል፤ ማን ሕፃን ሲታረድ ያያል? ከዚያ መርከብህን ይዘህ ግሪክን ትዞራለህ፣ ነገሩን ትረሳዋለህ። በኋላ ወደ ደሴቷ ስትመለስ ወረርሽኙ ደሴቲቱን አዳርሶ ታገኛለህ። ያዳንከው ነው ያዛመተው። ማንም «ጥፋተኛ ነህ» አይልህም፤ ራስህ ታየዋለህ። እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛው ውስጥ የለም። ኢዝዮ ምን እንደሚመርጥ አንተ አትወስንም፤ ተጽፎ ያለቀ ሰው ነው። ወንድምህ ኦዲሲን የሚወደው ምርጫው የእሱ ስለሆነ ይመስለኛል፤ ከጀግኖቹ ሴቷን ካሳንድራን ወይ ወንዱን አሌክስዮስን መርጦ መነሳቱ ራሱ ለአንድ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ ለምን አምስተኛ? በጣም ስለሚሰፋ። የአቴንስና የስፓርታ ጦርነት በ431 ቅ.ል.ክ. ሲጀምር ታሪኩ ይጣፍጣል። ሠላሳኛውን ምሽግ ስታጸዳ ግን የየትኛው ወገን ምሽግ እንደሆነ ራሱ ይጠፋሃል፤ አቴንስም ሆነ ስፓርታ ሳጥኑና አዛዡ አንድ ነው።

ዩኒቲ ከዚያ ይከተላል። ይህን ጌም ስወደውም ስናደድበትም ነው የኖርኩት። የፈረንሳይ አብዮት፣ ፓሪስ፣ አደባባይ ሙሉ ሕዝብ። እንደዚያ የተሠራ ከተማ በተከታታዩ ውስጥ የለም፤ ከጎዳና ወደ ቤት፣ ከቤት በመስኮት ወደ ጓሮ ሳትቆም ትገባለህ። ግን በኅዳር 2014 ሲወጣ በስህተት የተሞላ ነበር። ፊት የሌላቸው፣ ዓይንና ጥርስ ብቻ የሆኑ ሰዎች ፎቶ ዓለምን ዞሯል። በኋላ ተጠግኗል። ኖትር ዳም የተባለው የፓሪስ ካቴድራል በ2019 ሲቃጠል ዩቢሶፍት ጌሙን ለኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ለአንድ ሳምንት በነጻ ለቀቀው፣ ለእድሳቱም 500,000 ዩሮ ሰጠ። «ካቴድራሉ የታደሰው ከጌሙ ተገልብጦ ነው» የሚለውን የበርጫ ወሬ ግን አትመን። የጌሙ ኖትር ዳም አናቱ ላይ ያለው ሹል ማማ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በአብዮቱ ዘመን አልነበረም። የሚያምረውና ሰው የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ጨመሩት። ለጌም ልክ ነው፤ ለግንበኛ ግን ጉድ ነው።

ሲንዲኬትን ከሌሎቹ ከፍ የማደርገው ለድሬ ልጅ ስል ነው። ለንደን፣ 1868፣ መንትዮቹ ጄከብና ኤቪ ፍራይ። መደበቂያ ቤታቸው የሚሄድ ባቡር ነው! ከተማውን እየዞረ ውስጡ ትተኛለህ፣ ሰው ታገኛለህ፣ ገንዘብህን ትቆጥራለህ። ባቡር በ1902 ደርሶ የቆረቆረው ከተማ ውስጥ ያደገ ልጅ ይህን እንዴት ይጠላል? ታሪኩ ግን ቀላል ነው፤ ጠላቱም ይረሳል።

ሚራዥን እናንተ ቤት ማንም አላነሳውም። በ2023 የወጣ አጭር ጌም ነው፤ በሳምንት ይጨርሱታል። ባግዳድ፣ 861፣ ኸሊፋው አል ሙተወኪል የተገደለበት ዓመት። ወደ ድሮው መደበቅና ጣራ መሄድ የተመለሰ ነው፤ ለአንተም ለወንድምህም መሐል ላይ ሊያገናኛችሁ ይችላል። ድምፁን ወደ ዓረብኛ መቀየር ይቻላል፤ ሐረር ዘመድ ካላችሁ በዓረብኛ ተጫወቱት፣ ገበያው ሌላ ይሆናል። እኔን ሁልጊዜ ጀጎልን ያስታውሰኛል። እንዲያውም ዩቢሶፍት ሐረርን ቢሠራ ብዬ እመኛለሁ። ምን ይጎድላታል? በ1520 የአዳል መናገሻ የሆነች ከተማ ናት። አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ አለ፣ በሮች አሉ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጎዳና አለ። በ1855 ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ ዓረብ ነጋዴ መስሎ ሊገባ አስቦ፣ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ በራሱ ማንነት ገባ። ሚሽኑ ተጽፎ ነው የተቀመጠው። ግንቡ 4 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከላዩ ለመዝለል እንደ ጌሞቹ የገለባ ክምር ላይ ማረፍ አያስፈልግም፤ ማታ ግን በግንቡ ቀዳዳ የሚገባውን ጅብ የት ታደርገዋለህ?

የቀሩትን ቶሎ ልበላቸው። ሬቨሌሽንስ የሸበተው ኢዝዮ ነው፣ በ1511 ኮንስታንቲኖፕል ላይ፤ ከሁለተኛውና ከብራዘርሁድ በፊት ከተጫወትከው ምንም አይነግርህም፣ ከእነሱ በኋላ ከሆነ ያስለቅስሃል። ሮግ ከአሳሲን ወደ ቴምፕላር የከዳ ሰው ነው፤ የሊዝበኑ የ1755 የመሬት መንቀጥቀጥ ያለበት ሚሽን ብቻውን ይበቃል። ሦስተኛው ክፍል፣ ዋናው ጀግና ኮነር እስኪመጣ ድረስ፣ ሰዓታት ያስጠብቅሃል፤ በረዶ ላይ ዛፍ ለዛፍ መሄዱ ግን ያምራል። ቫልሃላ የእኔ መጨረሻ ነው። በ2020 ወጣ፣ ቫይኪንጎች እንግሊዝን ሲወርሩ። አንድ ግዛት ትሄዳለህ፣ ችግራቸውን ትፈታለህ፣ ወዳጅ ይሆኑሃል፤ ከዚያ ሌላ ግዛት፣ ያው ነገር። መመዘኛዬን አስታውስ፤ የአንዱን ግዛት ታሪክ ሌላው ላይ ብታስቀምጠው የሚያውቅህ የለም። የ2007ቱን የመጀመሪያውን ከደረጃ ውጪ አድርጌዋለሁ። ደማስቆ፣ ኢየሩሳሌም፣ አክሬ፣ ሁሉን የጀመረው እሱ ነው፤ ግን ከእያንዳንዱ ግድያ በፊት ተመሳሳይ ሥራ ያሠራሃል፤ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ወሬ ትሰማለህ፣ ኪስ ትገባለህ፣ አንዱን ደብድበህ ታናግራለህ። ደግሞም ፒኤስ ፎር ላይ የለም።

ወደ ገንዘባችሁ እንምጣ። ዘ ኢዝዮ ኮሌክሽን ግዙ። በ2016 ለፒኤስ ፎር የወጣ ጥቅል ነው፤ ሁለተኛው፣ ብራዘርሁድና ሬቨሌሽንስ ሦስቱም ውስጡ አሉ። በአንድ ሲዲ ዋጋ ሦስት ጌም ነው። ዩኒቲን አሁን አትግዙ። ጥገናው የሚመጣው በኢንተርኔት ነው፤ ዋይፋይ የሌለው ቤት ውስጥ ከሲዲው የምታገኙት ያንኑ ፊት የሌለውን ሰው ሊሆን ይችላል። ሻዶውስ የሚባለው የ2025ቱ የጃፓን ክፍል ፒኤስ ፎር ላይ አይሠራም፤ «አለኝ፣ ይሠራል» የሚል ሻጭ ካገኘህ ታይዋን ለምትውል ሰው እኔ አልመክርህም። ያገለገለ ሲዲ ከሆነ ጀርባውን ብርሃን ላይ አዙረህ እይ፣ ከመክፈልህ በፊት እዚያው ይከፈትልህ፣ ሜኑው በምትረዳው ቋንቋ መሆኑንም እይ። ከዱባይም ከአውሮፓም የመጣ ሲዲ እናንተ ኮንሶል ላይ ይነሳል፤ እሱ አያሳስብህ።

«ታዲያ ወንድሜ ተሸነፈ ማለት ነው» እንዳትል። ኦዲሲ ያለው ጓደኛ አለህ አይደል? ሄደህ ሲዲውን ተዋስ። የኢዝዮውን ሲዲ ይዘህ ከመግባትህ በፊት ኦዲሲን ይዘህ ግባ። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው፣ ምክንያቱም መጀመር ያለብህ አንተ ነህ። ታላቅ ነህ፣ እንግዳ በሚያየው ግድግዳ ላይ የእሱን ጌም መጨረሻ ያደረግከው አንተ ነህ፣ ክፉ የተናገርከውም አንተ ነህ። እሱ ወረቀት ነው የቀደደው። ሽማግሌ አያስፈልግም፣ ረጅም ንግግርም አያስፈልግም። «ሳልጨርሰው ነው መጨረሻ ያልኩት፤ እስኪ አሳየኝ» በለው። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ በል። እሱ ያስተምርህ። ስትሳሳት ቢስቅብህ ዝም በል፤ ስንት ጊዜ አንተ ስቀህበታል። ካውሶስ ስትደርሱ ምንም አይንገርህ፣ ራስህ ወስን። ደሴቲቱን ለቅቀህ አቴንስ ከገባህ በኋላ ጠላሁት ብትል ማንም አይከራከርህም።

ከእሱ የምትጠይቀው ደግሞ ተመጣጣኝ ይሁን። ሁለተኛውን ኢዝዮ ቬኒስ እስኪገባ ይጫወተው። ከዚያ በፊት ስለ ግራፊክስ አንድ ቃል የለም። ቬኒስ ገብቶ፣ ካርኒቫሉን አይቶ፣ አሁንም «ኦዲሲ ይበልጣል» ካለ መብቱ ነው፤ ያኔ ቢያንስ ከምን እንደሚበልጥ ያውቃል። ዝርዝር መጻፍ ከፈለጋችሁም ሁለት መሰላል ሥሩ፤ እስከ 2015 ያሉት በአንዱ፣ ከኦሪጅንስ ወዲህ ያሉት በሌላው። ሚራዥን የት እንደምታደርጉት ተጨቃጨቁ፤ እሱ ያጨቃጭቃል።

ለእናታችሁ ዕቅዱን ንገሯት። ማን መቼ እንደሚጫወት፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ። ቁልፉን የምትሰጠው ሁለታችሁ አብራችሁ ስትጠይቋት እንጂ አንዳችሁ ተደብቃችሁ ስትለማመጧት አይመስለኝም።

የመጨረሻው ነገር ሙቀቱ ነው። በእኛ ከተማ ፒኤስ ፎር ከሰዓት በኋላ እንደ ጀነሬተር ይጮኻል፣ ቀጥሎ «በጣም ሞቋል» ብሎ ጽሑፍ ያወጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። ከግድግዳ አርቁት፣ ከቁም ሳጥን አውጡት፣ አቧራውን አራግፉለት። አሁን ዳንቴል ለብሶ እንደተቀመጠም እገምታለሁ። እናትህ ዳንቴሉ አይነሳም ካለች አትከራከራት፤ ዳንቴሉን ቴሌቪዥኑ ላይ አዙረህ አልብስላት።